ምቾቱን ሳይለቁ ጊዜን ማስመለስ፦ ለስልክ፣ ለቤትና ለቡና ሰዓት የሚሆን አሠራር

የመብራትና የውኃ ሂሳብ በስልክ መክፈል ከተቻለ ወዲህ ብዙ ሰው ሰልፍ ላይ ያጠፋው የነበረውን ሰዓት አትርፏል። እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ መኪና በስልክ ይጠራል፣ ቡናም ተቆልቶና ተፈጭቶ በከረጢት ይመጣል። እንዲያም ሆኖ «ጊዜ ተረፈኝ» የሚል ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ጊዜውን ያተረፈልን ዕቃ አጠገባችን ተቀምጦ ያተረፈውን መልሶ ይወስደዋል። ሂሳብ ለመክፈል የተከፈተ ስልክ ቴሌግራም ላይ ያለውን ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩን ሲነኩት አንድ ቪዲዮ ይመጣል፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ስልክ ጣሉ አይልም። የሚያደርገው ለተረፈው ጊዜ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ነው። በወኔ ብቻ የተጀመረ ነገር ሳምንት ስለማይሞላ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የሴቲንግ፣ የዕቃ አቀማመጥና የቁርጥ ሰዓት ጉዳይ ነው። ለመለካት አንድ ሳምንት፣ ለማስተካከል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

1. አንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ መለካት

አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚል ገጽ አለ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ላይም ይገኛል፤ ስልኩ በአማርኛ ከሆነ ግን ስሙ ተተርጉሞ ሊመጣ ይችላል። አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» ይባላል። ከሚያሳዩት ውስጥ ሦስት ቁጥር ብቻ ይያዙ፦ የቀኑ ጠቅላላ ሰዓት፣ ስልኩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ስንት ማሳወቂያ እንደገባ።

ሰዎች የሚደነግጡት በመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ነው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ፊልም ያየ ሰውና እነዚያኑ ሁለት ሰዓታት በሰማንያ ቁራጭ የበላ ሰው ችግራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ምናልባት ችግርም የለበት። ሁለተኛው ግን ሥራውም ጨዋታውም ሰማንያ ጊዜ ተቆርጧል፤ እሱን የሚያድነው የሰዓት ገደብ ሳይሆን የማሳወቂያ ጸጥታ ነው።

ቁጥሮቹን በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ስልኩ ውስጥ መጻፍ ስልኩን ለመክፈት ሌላ ምክንያት ይሆናል። ከቁጥሩ ጎን «ዛሬ ለምን ከፈትኩት?» ለሚለው አንድ ሁለት ቃል ይጨምሩ፦ ብር መላክ፣ ዜና፣ ሰው ሲጠበቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል።

በሰባተኛው ቀን ወረቀቱን ገልብጠው መሐሉ ላይ መስመር ያስምሩ። በአንድ በኩል ለማሽን የሚተወውን፣ በሌላው በእጅ የሚቀረውን ይጻፉ። ሂሳብ መክፈል፣ ብር መላክ፣ መንገድ መፈለግና መኪና መጥራት ያለ ጸጸት ወደ ማሽኑ ይሂዱ፤ ሰልፍ መቆም ማንንም ደስ አሰኝቶ አያውቅም። በእጅ በሚቀረው በኩል ግን ከሁለት ነገር በላይ አይጻፉ። ከሰኞ ጀምሮ እንጀራውንም ልጋግር፣ ቡናውንም ልቁላ፣ ሥራም በእግሬ ልሂድ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። የእኛ ምርጫ ቡና ማፍላትና ሰው ቤት መድረስ ነው። በቡድን መልእክት ላይ «ነፍስ ይማር» ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ግን በሌላ በምንም አይተካም፤ ከሰልፍ የተረፈው ሰዓት የሚገባውም እዚህ ነው።

2. ስልኩን ዝም ማሰኘት

ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። መጀመሪያ ማሳወቂያ፣ ቀጥሎ ገደብ። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ስልክ ላይ ገደብ ማድረግ ራስን ከስልክ ጋር ማጣላት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ገደቡ ይነሳል።

ሴቲንግ ውስጥ «ማሳወቂያዎች» የሚለውን ይክፈቱና የሁሉንም መተግበሪያ ይዝጉ። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ መልሰው ይክፈቱ፦ የስልክ ጥሪ፣ የጽሑፍ መልእክት፣ የባንክና የቴሌብር። የጽሑፍ መልእክትን ማፈን ትልቅ ስህተት ነው። ሳያውቁ ከሂሳብዎ ብር ቢወጣ መጀመሪያ የሚነግርዎ ያ መልእክት ነው።

ከሦስቱ ውጭ ቴሌግራምን ብቻ መልሰው ይክፈቱትና ከውስጡ ያስተካክሉት። እሱ ሰፋ ያለ ሥራ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው ጊዜውን የሚጥለው እዚያ ነውና።

ሀ. ሴቲንግ፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ» ገብተው የቻናሎችን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። የግል መልእክትን ይተዉ። የቡድኖችን ያጥፉና የዕድርዎንና የሥራዎን ቡድን ብቻ ለይተው ይክፈቱ።

ለ. እዚያው ገጽ ዝቅ ሲሉ «ባጅ ካውንተር» የሚል አለ። ድምፃቸው የጠፋውንም ይቁጠር የሚለውን ያጥፉ። ይህ ካልጠፋ ድምፁ ቢቀርም ቁጥሩ ይቀራል፤ ጣትን የሚጎትተው ደግሞ ቁጥሩ ነው። የሚያውቁት ሰው ቴሌግራም በገባ ቁጥር የሚመጣውንም ማሳወቂያ እዚሁ ያጥፉ።

ሐ. የማይወጡባቸውን ግን በየቀኑ የማያስፈልጉ ቻናሎች ወደ አርካይቭ ይላኩ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ድምፁ ያልጠፋ ቻናል አርካይቭ ቢደረግም አዲስ ነገር ሲለጠፍበት ተመልሶ ከላይ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ለዘለቄታው ድምፁን ያጥፉ፣ ቀጥሎ አርካይቭ ያድርጉ። «አርካይቭ አደረግኩት፣ አሁንም ይመጣል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው።

መ. «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ የሚያወርደውን ያጥፉ። ይህ ለዳታም ይጠቅማል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ፎቶና ቪዲዮ ተጭነው ካልወረዱ በቀር ደብዝዘው ይቆያሉ፣ በዚያች ቅጽበትም «በእርግጥ ማየት እፈልጋለሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ዩቲዩብ ላይ በራሱ ወደ ሚቀጥለው የሚያልፈውን «አውቶፕሌይ» ያጥፉ። የእይታ ታሪክን ካቆሙና ያለፈውን ከሰረዙ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ የሚፈልጉትን ጽፈው ፈልገው ያያሉ። ቲክቶክ የራሱ የሰዓት ገደብ አለው፤ ግን ራስዎ ያበጁትን የይለፍ ቁጥር ራስዎ ስለሚያስገቡ ብዙም አይዝም። ከስልኩ አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማየት ይሻላል።

አሁን ገደብ። ለሁለት መተግበሪያ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ከለኩት ግማሹን ይስጡ። ሦስት ሰዓት የሚያይ ሰው ሃያ ደቂቃ ብሎ ቢጀምር አይዘልቅም። አይፎን ላይ የስክሪን ታይም ኮድ በቤት ያለ ሌላ ሰው ያበጅልዎ። አንድሮይድ ላይ ገደቡን ያደረገ ሰው በዚያው ገጽ ሊያነሳው ይችላል፤ እንደ አጥር እንጂ እንደ ቁልፍ አይቁጠሩት።

በእኛ አገር ሰዓት ለሚኖር ሰው ሁለት ልዩ ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው የሰዓቱ አጻጻፍ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጸጥ እንዲል የፈለገ ሰው 9:00 ፒኤም ወይም 21:00 ብሎ ማስገባት አለበት፤ 3:00 ፒኤም ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ሥራ መሐል ዝም ይልበታል። ለጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚገባው 6:30 ኤኤም ነው። ካስገቡ በኋላ ስድስት ሰዓት ደምረው ወይም ቀንሰው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ደግሞ የቀኑ ገደብ የሚታደሰው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። እስከዚያ ያመሸ ሰው የነገውን ድርሻ ዛሬ ማታ በአልጋው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ከገደቡ ጋር «ቤድታይም ሞድ» ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይሁን። ይህ ስክሪኑን ግራጫ ያደርገዋል፣ ድምፁንም ያጠፋዋል። ቀይና ቢጫ የሌለው ስክሪን ወዲያው ይሰለቻል፤ የተፈለገውም እሱ ነው።

ጸጥታው የቸገረውን ሰው እንዳይዘጋ በጸጥታው ሴቲንግ ውስጥ በኮከብ ምልክት የያዟቸው ሰዎች ጥሪ እንዲገባ ይፍቀዱ። «ደጋግሞ የሚደውል» የሚለውንም ይክፈቱ፤ አንድሮይድ ላይ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ይጮሃል። ይህን ለቤተሰቡ ይንገሩ፦ «ቁም ነገር ከሆነ ሁለቴ ደውሉ።»

ከስክሪን የሚታቀቡበትን ቀን አዲስ ከመፍጠር ባለው ልማድ ላይ ማሰር ይቀላል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ማኅበራዊ ሚዲያውንም እስከ 9 ሰዓት ከምግቡ ጋር ቢያቆየው ማስታወሻ አያስፈልገውም። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሙስሊምም እንዲሁ እስከ ማፍጠሪያው ያቆየዋል። ጾም መጀመሪያውም መጨረሻውም የታወቀ ስለሆነ ይቻላል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ለዘለዓለም» የተባለ ግን ለማን ይቻለዋል?

3. የስልኩ ቦታ

ስልክ የሚያድርበት ቦታ ከመኝታ ቤት ውጭ ይሁን። ሳሎን በር አጠገብ አንድ ማከፋፈያ ይሰኩና የቤቱ ቻርጀር ሁሉ እዚያ ይቀመጥ። ማከፋፈያው ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ላይ አይረፍ፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክም በጨርቅ አይሸፈን፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሰዎች ስልክ ወደ አልጋ የሚመልሱባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ሦስቱንም አስቀድሞ መዝጋት ይቻላል። አንዱ ማንቂያ ነው፦ በባትሪ የሚሠራ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙና ተነሥተው ካልሄዱ በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ሁለተኛው መብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሰው የሚዳብሰው ስልኩን ነው። በእጅ የሚያዝ ባትሪ ትራስጌ ይቀመጥ፣ በየወሩም እየተበራ ይታይ። ሦስተኛው «ሌሊት ቢደወልስ?» የሚለው ነው። ለእሱ ስልኩ ሳሎን ሆኖ ጥሪው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከላይ ያለው የኮከብ ዝርዝር ሌላውን ይዘጋል።

ከሥራ ሲመለሱ የሞባይል ዳታን ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው። «ቴሌብር ቢያስፈልገኝስ?» ለሚል *127# ያለ ዳታ ይሠራል፤ የንግድ ባንክ ደንበኛም *889# አለው። ብር ለመላክ ኢንተርኔት መክፈት ካላስፈለገ ከብር በኋላ የሚመጣው ቪዲዮ ሁሉ አብሮ ይቀራል።

4. የቡናው ሰዓት

ባዶ የተተወ ሰዓት ተመልሶ በስልክ ይሞላል፤ በሳምንት አንዴ ሙሉ ቡና ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከጥሬው ጀምሮ ሲሠራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ሁለት እጅ ይይዛል፣ በጭሱና በሽታው ሰውን ከየክፍሉ ይጠራል። በማሽን የተቆላና የተፈጨ በሥራ ቀን ይጠጣ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግን ከጥሬው ይጀመር። ከዚያ አይዘግይ፤ ካፌይን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ ነው፤ የመሸ አቦል ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶ ወደ ስልኩ ይመልሳል።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው፦ ጥሬ ቡና 75 ግራም ያህል፣ ማለትም የሻይ ብርጭቆ ሦስት አራተኛ ግድም፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ጀበና፤ ማቶት፤ የቡና ምጣድ፤ ሙቀጫና ዘነዘና፤ ሲኒ ከነረከቦቱ። ቄጠማው፣ ፈንድሻውና ዕጣኑ እንደ ቤቱ ልማድ።

ቡናውን ይልቀሙ፤ ጥቁሩ፣ የተቦረቦረውና ጠጠሩ ይውጣ። አንድ ጠቁሮ የበሰበሰ ፍሬ ጀበናውን ሙሉ ሊያሸትተው ይችላል። ለብ ባለ ውኃ በሁለት መዳፍ እያሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡ፣ ውኃው እስኪጠራና ገለፈቱ ተላቆ እስኪንሳፈፍ። ውኃውን በደንብ ያጥልሉ፤ እርጥብ ቡና መጀመሪያ ስለሚቀቀል የመቁላቱ ጊዜ ይረዝማል።

ምጣዱ መካከለኛ እሳት ላይ ይሙቅ። ቡናው ከገባ በኋላ መቁያው አይቁም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች እርጥበቱ ይወጣል፤ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ገረጣ ቢጫ ይዞራል፣ ሽታው የደረቀ ሣር ይመስላል። ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ አካባቢ መንጣጣት ይጀምራል፤ ፍሬው አብጦ መሐሉ ላይ ያለው መስመር ይከፈታል። ከዚያ ድምፅ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዘይት አውጥቶ ካብለጨለጨ ወደ መጥቆሩ ሄዷል፤ የሚወድ አለ፣ የቡናውን የራሱን ጣዕም ግን ማረሩ ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በእሳት ጥድፊያ ነው። እሳቱ ከበዛ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ሲፈላ በአንድ ጊዜ መራራም ጎምዛዛም ይሆናል። አንድ ፍሬ በጥርስ ሰብረው ይዩ፦ ውስጡና ላዩ የሚቀራረብ ቀለም ካላቸው ደርሷል። ጭሱን ለእንግዶች አዙረው ካሸተቱ በኋላ ቶሎ ሰፌድ ላይ ያፍስሱት፤ በምጣዱ ላይ የተተወ ቡና እሳቱ ቢነሳም መቆላቱን አይተውም።

ሲበርድ ይወቀጥ። የላመ ዱቄት አይሁን፤ የላመ ቡና ጀበና ውስጥ ስለማይቀመጥ ሲኒ ውስጥ አተላ ሆኖ ይመጣል። በጣት ሲነኩት ሻከር የሚል ይሁን። ጎረቤት በጩኸት የሚቸገርበት ኮንዶሚኒየም ከሆነ የኤሌክትሪክ መፍጫ በጥቂት በጥቂቱ እያቋረጡ መጠቀም ነውር የለውም። ከቡናው ሥራ በእጅ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ መቁላቱ ይሁን።

ጀበናው ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይፍላ። የተወቀጠው በተጠቀለለ ወረቀት በአንገቱ ይግባ። ገንፍሎ ወደ አፉ ሲወጣ ከእሳቱ ያንሱ፣ በሲኒ ጥቂት ቀድተው መልሰው ይጨምሩበት፣ እንደገና ይጣዱት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጉ በኋላ ማቶት ላይ ትንሽ አዘንብለው አራት አምስት ደቂቃ ያስቀምጡት። የሚቸኩል ሰው የሚያጠፋው ይህችን ነው፤ ያልሰከነ ጀበና አተላ ይሰጣል። ሲቀዱ ከሲኒው አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ሳያቋርጡ ከሲኒ ወደ ሲኒ ይለፉ። በየሲኒው ጀበናውን ቀና ያደረጉ እንደሆነ የሰከነው መልሶ ይታወካል። ለቶና ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ጨምረው ያፍሉ፣ ለበረካም እንዲሁ።

በከሰል ለሚያፈላ አንድ ነገር ይጠበቅ፦ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ቀልቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ይግባ፣ በርና መስኮት ክፍት ይሁን። የቀላ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ይገድላል። ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምር ወዲያው ወደ ደጅ ይውጡ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም አፓርታማ ውስጥ የሚቆላ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ የምድጃውን አየር ማስወጫ ከፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በትንሽ በትንሹ ይቁላ። የማስጠንቀቂያውን ባትሪ መንቀል ግን አይደረግም፤ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል።

ስልኮቹስ? በር አጠገብ አንድ ሙዳይ ወይም ሌማት ይቀመጥ። ጥሪያቸው ከፍ ብሎ፣ ዳታቸው ጠፍቶ እዚያ ይግቡ። ድምፃቸውን አጥፍቶ መሰብሰብ አይሠራም፤ ሰው «ተደውሎ ይሆን?» እያለ ልቡ ሙዳዩ ላይ ይቀራል። እንግዳን ማስከፋት ለሚፈራ አባባሉ ይህን ያህል ነው፦ «ጋሼ፣ ስልክዎን እዚህ ላስቀምጥልዎ፤ ቢደወል አመጣልዎታለሁ።» የቤቱ ሰው የራሱን ቀድሞ ካላስገባ ግን ማንም አያስገባም። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ያንሳና ይግባ፤ ቡናው እየበረደ ፎቶ መምረጥ ተፈቀደ ማለት ሙዳዩ ባዶ ሆነ ማለት ነው።

5. ልጆች ባሉበት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዕድሜው ሁለት ዓመት ላልሞላ ልጅ ስክሪን አይመከርም ይላል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥርም ይሻላል። ከሁሉ የሚከብደው ካርቱን እያየ መብላት የለመደን ልጅ ማስተው ነው። በአንድ ቀን አይቁረጡት፤ መጀመሪያ ከሦስቱ ምግብ አንዱን ያለ ስልክ ያድርጉ፣ ልጁ በጣም የሚርበውን ሰዓት መርጠው። ያ ሲረጋ ሁለተኛውን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢበላም ከመሐል ስልኩን አይስጡት፤ ልቅሶ ስልክ እንደሚያመጣ ከተማረ የሚቀጥለው ቀን ይብሳል።

ለትላልቆቹ ገበጣ ይሥሩ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት በስድስት ነው፤ በስድስቱ በኩል ሁለት ረድፍ ቆርጠው ቢያወጡ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያገኛሉ። በየጉድጓዱ አራት ሽንብራ፣ በጠቅላላው 48። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ አያት ወይም ጎረቤት የሚያውቁት ይያዝ፤ በሕጉ መከራከሩ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው።

6. ከሩቅ ዘመድ ጋር

ስልክ የሚመሰገንበት ቦታ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ልብና አበባ ከመላላክ በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መነጋገር ይበልጣል። በረካ ላይ፣ ቅዳሜ 10 ሰዓት ተኩል፣ አንዲት ስልክ ብቻ ከሙዳዩ ትውጣና የስኳሩ ዕቃ ላይ ትደገፍ።

ያ ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው ከጠዋቱ 9:30፣ በክረምታቸው 8:30 ነው። አሜሪካኖች ሰዓት የሚቀይሩት በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ቀድሞ መልእክት ይላክ። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እስራኤል ላሉ ቅዳሜ አይሆንም፤ ሰንበት የሚያከብር ቤተሰብ ፀሐይ ገብታ ኮከብ እስኪታይ ስልክ አያነሳም። ለእነሱ እሑድ ይያዝ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ስልክ የሚይዙበትን ሰዓት እነሱ ስለሚያውቁት ቀጠሮውን እነሱ ይቁረጡ፤ ካልተመቸ የድምፅ መልእክት ይተዉ፣ እነሱም ሲያርፉ ይሰሙታል።

ሲበላሽ

በሁለተኛው ሳምንት የተከፈተበት ቁጥር ካልቀነሰ ምናልባት ከማሳወቂያዎቹ አንዱ አምልጧል። በማሳወቂያ ሴቲንግ ውስጥ በቅርብ ጊዜ የላኩትን በቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ ከላይ ያለውን ይዝጉ።

ሰዓቱ ቀንሶ መሰልቸት ከመጣ ችግር አይደለም፤ በእጅ የሚቀረው ዓምድ ባዶ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ይጨመርበት፣ ከሁለት ግን አይለፍ።

ሥራው ቴሌግራም ላይ የሆነ ነጋዴ ወይም ደላላ ከላይ ያለውን ገደብ በዋናው ስልክ መያዝ አይችልም። ከቻለ ለሥራው ሌላ ርካሽ ስማርት ስልክና ሌላ ሲም ይያዝና ከምሽቱ 1 ሰዓት ሱቅ ሲዘጋ አብሮ ይዝጋው። አንድ ስልክ ብቻ ካለ የሥራ ቡድኖቹን ብቻ ያቀፈ አንድ ፎልደር ቴሌግራም ውስጥ ይሥራና ቀን ላይ እሱን ብቻ ይክፈት።

ከቤቱ ሰው አንዱ ሙዳዩን ካልተቀበለ አይገደድ። ቡናው ሲቀዳ ስልኩን የያዘው መጨረሻ ይቀዳለት።

ስልኩ ከፍ ያለ ማሻሻያ ከጫነ ወይም አዲስ መተግበሪያ ከገባ በኋላ ማሳወቂያው፣ ባጁና የማታው ሰዓት እንዳልተቀየሩ ይፈትሹ፤ የማታው ሰዓት 21:00 መሆኑን ደግመው ያንብቡ።